ነሐሴ 16 ነይ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዓመት አለፈው። ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም፤ ስንፍና ነው። እኔ እንደምታውቂው ከነማተቤ ነኝ።

«ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ እናቴ በሯን ዘጋችብኝ» ላልሽው፣ በፍልሰታ አትምጪ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቤቱ ሱባዔ ነው፤ የልጆችሽ ወተት የጾም ድስት አጠገብ ሲፈላ ያ ብቻ ጠብ ይሆናል። 16 ጾሙ ይፈታል፣ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል። ዶሮውን ከነነፍሱ ገዝተሽ ግቢ፣ እዚያው ይታረድ። ቡና እንዳትሸከሚ፤ ወደ ጅማ ቡና ይዞ የሚመጣ አይቼ አላውቅም።

«ድኛለሁ» የሚለውን ቃል እማማ ፊት አታንሺው። አንቺ ስለ ራስሽ ነው የምትመሰክሪው፤ እሳቸው የሚሰሙት ግን «እርስዎ ጠፍተዋል» የሚለውን ነው። ስለ እመቤታችን ክርክር ከተነሳ ተነሺና ቡና ቁዪ።

ሽማግሌ ስትልኪ የንስሐ አባታቸው ብቻቸውን አይሂዱ፤ «ትመለስ» ከማለት ሌላ ምን ይላሉ? ጎረቤታችሁ ሐጂ ይጨመሩ። እማማ በደገሱ ቁጥር ለሙስሊሙ እንግዳ በሙስሊም እጅ አሳርደው፣ ለብቻ ድስት ጥደው፣ ለብቻ ማዕድ ዘርግተው የኖሩ ሴት ናቸው። በአንድ ግቢ ሁለት ሃይማኖት ማስተናገድ ያውቁበታል። ያቃታቸው ሁለተኛው ከገዛ ማኅፀናቸው መውጣቱ ነው፤ ይህን ከሐጂ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

እንቅልፍ የነሳቸው ግን ተዝካሩ ነው። «ፍትሐት ማን ያስደርግልኛል? አርባዬን ማን ያወጣልኛል?» ይላሉ። አንቺ እንደማታወጪው ያውቃሉ። ስለዚህ ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ እሳቸው እያዩ ለወንድምሽ ስጪው፤ የሚያሠራው እሱ እንደሆነ፣ አንቺም እንደማትከለክዪ ተናገሪ። የሰፈሩን እድር የወር መዋጮም ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ክፈዪላቸው፤ በዚያ መዝገብ እስላሙም ክርስቲያኑም ስሙ አለበት።

ለማስታረቂያ ብለሽ ግን «እመለሳለሁ» አትበዪ። ጥር 11 ታቦት አጅቢ ስትባዪ ትቀሪያለሽ፣ ያኔ ሽማግሌዎቹም አብረው ይቀየማሉ፤ ሁለተኛ የሚገባልሽ አታገኚም።

ሽማግሌዎቹ ሐምሌ ሳያልቅ ይግቡ። በሱባዔ መሐል ከሄዱ እማማ ከቤተ ክርስቲያን አይገኙም፣ ቢገኙም ደክመው ነው። ሐጂን እኔ አነጋግርልሻለሁ፤ ወንድምሽ መስማማቱን ብቻ ጻፊልኝ።