«አየዋለሁ» ካልኩሽ በኋላ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር አስቤ ራሴው ሳቄ መጣ። ሁለት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ እንዲህ ቢል ደብዳቤውን ቀደሽ ብትጥይው አልፈርድብሽም።

መጨረሻ የጻፍሽልኝን መልእክት ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አነበብኩት። «በእጄ ለምሰፋቸው የቆዳ ደብተሮች የኢንስታግራም ገጽ ልከፍት ነው፤ ሦስት ናሙና ልኬልሻለሁ፣ ዲዛይን ሥራሽ ነውና እስቲ እይልኝ» ይላል። ከሥሩ የእኔ መልስ አለ። አንድ ቃል። «አየዋለሁ።» ከዚያ በኋላ ምንም የለም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ወሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያማ ያቆየኝ እፍረት ነው። በዘገየሁ ቁጥር መልሱ የግድ በጣም ጥሩ መሆን ያለበት እየመሰለኝ ይብስ ዘገየሁ። ይቅር በይኝ።

ገጽሽን ግን ስከታተል ነበር። ላይክ ሳላደርግ፣ ስሜ እንዳይታይሽ ስቶሪሽን እንኳ ሳልከፍት። (ሳቂ፣ ይገባኛል።) ትናንት ማታ ከላይ እስከ ታች ወርጄ አየሁት። ደብተሮቹ በጣም ያምራሉ። ስፌቱን አጉልቼ እያየሁ «ይህቺ ልጅ ትዕግሥቱን ከየት አመጣችው» ብያለሁ። ገጹ ግን የአንድ ሰው አይመስልም። አምስት ሰው ተራ በተራ የሚለጥፍበት ግድግዳ ነው የሚመስለው። ለሌላ ሰው እንዲህ በግልጽ አልናገርም፤ አንቺ ስለሆንሽ ነው።

ያኔ ልልሽ የሚገባኝን አሁን ልበልሽ።

ከሁሉ በፊት ብርሃን። ሁለት ፎቶዎችሽን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። አንዱ ላይ የደብተሩ ነጭ ገጽ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሌላው ላይ ያው ወረቀት ቢጫ ሆኖ አሮጌ ደብዳቤ መስሏል። አንዱን ቀን መስኮት ሥር፣ ሌላውን ማታ በአምፖል አንስተሽዋል ማለት ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን ነው፤ ሞቅ ያለ የቤት አምፖል 2700 ገደማ። ዓይናችን ልዩነቱን ራሱ ያስታርቀዋል፤ ስለዚህ ስታነሺ ሁለቱም ነጭ ሆነው ታይተውሻል። ስልኩ ደግሞ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ በግምት ይቀያይራል። ቀይ ቆዳ ሲገባበት አንድ ዓይነት፣ ጥቁር ሲገባበት ሌላ ዓይነት። ከዚያ ላዩ ላይ ፊልተር ጨምረሽ ልታስማሚያቸው ትሞክሪያለሽ። አይስማሙም። ፊልተር የሚሠራው ከሥሩ ያሉት ፎቶዎች አስቀድመው ሲመሳሰሉ ነው።

አንድ መስኮት ምረጪ። አንድ ሰዓት ምረጪ። አምፖሉን አጥፊው። ካሜራሽ ዋይት ባላንስ የሚቆልፍ ከሆነ ቆልፊው። ካልሆነ አንድ ነጭ ወረቀት ከዳር አስገብተሽ የመጀመሪያውን ፎቶ አንሺ፤ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ በቀለም መምረጫው ያንን ወረቀት ስትነኪው የፎቶው ቀለም ይስተካከላል። ማስተካከያውን ለቀሩትም ገልብጪላቸው። በአንድ ቀን ተቀምጠሽ የወሩን ብታነሺ ደግሞ ሥራሽ ከግማሽ በላይ ይቀላል።

ቀለምን በተመለከተ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ አንድ ምሽት ደውሎ «ለመሆኑ የኛ ሰማያዊ የትኛው ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ፖስቶች ደርድሬ አየሁ። አምስት ሰማያዊ! ሁሉንም የሠራሁት እኔው ነኝ። የቀለሙን ኮድ ጽፌ እንደ መያዝ፣ በየጊዜው ካለፈው ፖስት ላይ እየቀዳሁ ነበር። ያለፈው ፖስት ደግሞ በመልእክት ተልኮ የተጨመቀ፣ ከዚያ ስክሪንሾት የተነሳ ነው። ፋይሉ በተጨመቀ ቁጥር ቀለሙ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ከቅጂ ላይ ቅጂ ስቀዳ ሰማያዊው ቀስ ብሎ ሐምራዊ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ምልክት ያላትን ሄክስ ኮድ ጽፌ ነው የምይዘው፤ በዓይኔ አላምንም።

ስንት ቀለም ያስፈልገኛል ብለሽ ነበር። ያንቺ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ቆዳው ራሱ ቀለም ነው። ቡናማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መደቡ ዝም ይበል። አንድ ፈዘዝ ያለ መደብ፣ አንድ የጽሑፍ ቀለም፣ አንድ ለማድመቂያ። በቃ። የጌጣጌጡን ድርጅት የቲፋኒን ሳጥን አስቢ፤ ስሙን ሳታነቢ ታውቂዋለሽ። ለቀለሞች መለያ የሚሰጠው ድርጅት ፓንቶን ለእነሱ ያዘጋጀው ቀለም «1837 ብሉ» ይባላል፤ ቁጥሩ ድርጅቱ የተመሠረተበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ። ይህን ሁሉ የሠራላቸው አንድ ቀለም ነው፤ በየዓመቱ ሌላ አላማራቸውም።

ፎንት ላይ የሠራሽው ስህተት የሁላችንም ነው። የሚያምር የላቲን ፎንት መርጠሻል፤ ፊደላችን ግን ውስጡ የለም። ፕሮግራሙ ሳይነግርሽ ሌላ ፎንት ይተካል። «በእጅ የተሰፋ» የሚለው ጽሑፍሽ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም የሚሆነው ለዚህ ነው። ከአማርኛው ጀምሪ፤ እንግሊዝኛው ኋላ ይመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል፣ ከስስ እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አለው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አርእስትን ከዝርዝር የምትለይው በመጠንና በውፍረት ነው። ወፍራም የሌለውን ፎንት በግድ አታወፍሪ፤ የ«መ» እና የ«ዐ» ቀዳዳ ይደፈንና ጽሑፉ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ነጭ መደብ ላይ የምትጽፊበትን ያን ፈዛዛ ቢጫ ደግሞ እባክሽ ተይው። በጽሑፍና በመደብ መካከል የሚመከረው ዝቅተኛ የብርሃን ልዩነት (ኮንትራስት) 4.5 ለ 1 ነው፤ ያንቺ አጠገቡም አይደርስ።

የተቆረጡት አርእስቶች ግን ጥፋታቸው ያንቺ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ኢንስታግራም የፕሮፋይሉን ካሬ ወደ ቁመታም፣ 3 ለ 4 ቀየረው። 1080 በ1080 ሆኖ የተሠራ ፖስት እዚያ ላይ ከግራና ከቀኝ 135 ፒክስል ያህል ይቆረጥበታል። ከእንግዲህ 1080 በ1350 ሥሪ፤ ጽሑፉን ወደ መሐል ሰብሰብ አድርጊው።

እንደ ዳማ ሰሌዳ አንድ ጨለማ፣ አንድ ብርሃን እያደረጉ መደርደርን ግን አልመክርሽም። ብዙ ባለሙያ ይወደዋል፤ እኔ ትርፉ አይታየኝም። ሰው ፖስትሽን የሚያገኘው አንድ በአንድ፣ ከሌላው ሰው ፎቶ መሐል ነው። አንዱን ስታጠፊ ወይም ከላይ ስትሰኪው ሰሌዳው ሁሉ ይበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ስጽፍ የቆየሁት ለዚህ ነው። ቆጠርኩሽ፤ በሁለት ዓመት አራት ጊዜ መልክ ቀይረሻል። ሦስተኛው በጣም ጥሩ ነበር፤ ያ ግራጫ መደብ፣ ከግራ የሚገባው ብርሃን፣ ከታች አንድ መስመር ጽሑፍ። ለምን ተውሽው? ሰልችቶሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ሥራዬ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሰለቸው ለእኔ ነው። ገጹን በየቀኑ የምታይው ግን አንቺ ብቻ ነሽ። የሚከታተልሽ ሰው አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። አንቺ ሲታክትሽ እሱ ገና «ይቺን የሆነ ቦታ አውቃታለሁ» ማለት እየጀመረ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ትቀይሪበታለሽ፤ እሱም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሲሰለችሽ የምታነሺውን ነገር ቀይሪ። አንድ ቀን ደብተሩ ተከፍቶ ይታይ፣ አንድ ቀን ክሩ ብቻ፣ አንድ ቀን መርፌ የያዘው እጅሽ። ብርሃኑን፣ መደቡን፣ ፊደሉን ግን አትንኪ። እነዚህን ሦስቱን ግማሽ ገጽ ላይ ጽፈሽ ከምትሠሪበት ጠረጴዛ በላይ ለጥፊያቸው። ከዚያ ከወር በኋላ አንድ ፖስትሽን ስሙንና ሎጎውን በአውራ ጣትሽ ሸፍነሽ ለእህትሽ አሳያት። የማን እንደሆነ ካላወቀች ደውይልኝ። ስልኬ ያው ነው፤ አሁን አነሳለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከታች ጀምሮ ሰባተኛው ፎቶ ላይ ያለውን ደብተር፣ ስፌቱ ነጭ የሆነውን፣ ለማንም እንዳትሸጪው። በአምፖል ስላነሳሽው ቆዳው ቡናማ ይሁን ቀይ መለየት አቃተኝ። መጥቼ በዓይኔ ላየው ነው።

ያቺው «አየዋለሁ» ባይ ጓደኛሽ