አባባ፣ ውሻው ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው

ውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹም ትምህርታቸው ላይ ናቸው። ይህን ደብዳቤ እህቴ ጮክ ብላ ታነብልዎታለች። (አንቺም ከራስሽ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ።)

የነገረችኝን ስሰማ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። "ውሻ ከሰው እኩል የሚኖርበት ቤት አልገባም፤ ዓይኔ እንደፈለገ ይሁን" ብለዋል አሉ። አባባ፣ የዓይን ሞራ ውሻ አለ የለም ብሎ አይጠብቅም። ቀጠሮው ተይዟል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠብታውን በሰዓቱ የሚያደርግልዎት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ የውሻውን ነገር ምንም ሳልደብቅ ልጻፍልዎት። በስልክ ስጀምርዎት "እሺ እሺ፣ ካርድ አትጨርሺ" እያሉ ያመልጡኛል።

መጀመሪያ መልኩን። ትንሿ ልጄ ፎቶውን የላከችልዎት ጊዜ በዚያ ዓይንዎ እንኳ ጎድኑን አይተው "ታሟል ወይስ አታበሉትም?" ብለው ነበር። እርስዎ ብቻ አይደሉም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህን ያልጠየቀን ሰው የለም። የግቢው ጥበቃ "ሁዳዴ የያዘው" ብሎ ስም አውጥቶለታል። አንዲት እናት ከልደታ ሲመለሱ አዝነው ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። እሱም በላው፤ አላፈረም።

ግን ጤነኛ ነው። ዝርያው ዊፔት ይባላል። 14 ኪሎ ይመዝናል፣ ለእሱ ዓይነት ውሻ ደህና ክብደት ነው። ደረቱ ጥልቅ ነው፣ ሆዱ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ እግሩ ረጅም። የመጨረሻዎቹ ጎድኖቹ በቆዳው ስር ይታያሉ፤ መታየትም አለባቸው። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ለጉግስ ፈረስ ሲመርጡ "ሆዳሙን ተዉት፣ ደረቱን እዩ" ይሉ አልነበር? ውሻውንም በዚያው ዓይን ይዩልኝ።

ደግሞ ነገሩ ከፈረስ ብዙም አይርቅም። ይህን ዝርያ ያወጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰሜን እንግሊዝ ሠራተኞች ናቸው፤ ከሰል ቆፋሪዎች፣ ሸማኔዎች። ፈረስ መግዛት የሚችሉ ሰዎች አልነበሩም። ግሬይሀውንድ ከሚባለው ትልቅ ሯጭ ውሻ አነስ ያለውን እየመረጡ አራቡ። ጥንቸል ይይዝላቸዋል፣ በእረፍት ቀን ደግሞ ያወዳድሩታል። አንዱ ሰው ውሻውን ይይዛል፤ ባለቤቱ ከሜዳው ማዶ ጨርቅ እያውለበለበ ይጠራዋል። ውሻው ወደ ጨርቁ ይበራል። "የድሃ ሰው የእሽቅድምድም ፈረስ" ይሉት ነበር። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ።

የእኛው ሚሎ ይባላል። ስሙን እኛ አይደለንም ያወጣንለት። አፍሪካ ኅብረት አካባቢ ይሠሩ የነበሩ የውጭ አገር ባልና ሚስት ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ ይዘውት መሄድ አልቻሉም። ከባለቤቴ ጋር ይተዋወቁ ስለነበር ለእኛ ሰጡን። ልጆቹ አለቀሱ፣ እኔ ተሸነፍኩ። የዚህ ታሪክ ይኸው ነው።

አንዳንድ እሁድ በማለዳ ጃን ሜዳ እንወስደዋለን። በጃንሆይ ጊዜ የፈረስ እሽቅድምድም ያዩበት ጃን ሜዳ። እዚያ ሲሮጥ ቢያዩት አፍዎን ይይዛሉ። ይህ ዝርያ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ጀርባው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ፈረስ ሲጋልብ በአንድ እርምጃ ውስጥ አራቱም እግሮቹ መሬት የሚለቁት አንድ ጊዜ ነው። ይሄኛው ሁለት ጊዜ ይለቃል፤ አንዴ ሲሰበሰብ፣ አንዴ ሲዘረጋ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቁመው ያዩታል። ረጅም ገመድ ግን አንፈታለትም፤ እየጎተተ ይሮጣል። የሚያድነው በማሽተት ሳይሆን በማየት ስለሆነ ድመት ካየ አለቀ። ስሙን ቢጠሩትም፣ በፈጣሪ ቢለምኑትም አይሰማም።

ሁለት ሦስት ዙር ይበቃዋል። ከዚያ ቤት ገብቶ ይተኛል። እስከ ማታ።

"ታዲያ ለምን ውጭ አይተኛም?" ይሉኛል። አውቃለሁ፤ ጃክ ግቢ ውስጥ እያደረ ጅብ ሲያባርር ነው ያደግነው። ግን ጃክ ብርድ የማይበግረው የአገራችን ውሻ ነበር። የዚህኛው ፀጉር አጭርና ስስ ነው፣ ሰውነቱ ላይ ስብ የሚባል የለም። አዲስ አበባ እንደ ደብረ ብርሃን አትብረድ እንጂ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለእሱ ከባድ ነው። በረንዳ ላይ ማሳደር መቅጣት ነው የሚሆነው። እንዲያውም ልብስ አለው፣ አይሳቁ። ባለፈው የላኩልንን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጫፉን ቆርጬ ሰፋሁለት። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዝናብ ካየ ከበሩ አይወጣም። ሽንቱን ይዞ ቆሞ እኔን ያየኛል፣ ዝናቡን ያዘነብኩት እኔ ይመስል።

ጥበቃ ላይ ምንም ተስፋ አያድርጉ። አይጮኽም። እንግዳ ሲመጣ ጭራውን ይቆላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሌባ ቢገባ ሶፋው ላይ ቦታ የሚለቅለት ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ጥሩ ነገር ነው የማየው። ከላይም ከታችም ጎረቤት ባለበት ኮንዶሚኒየም ሌሊቱን የሚጮኽ ውሻ ቢኖረን ኖሮ እስካሁን አስወጥተውን ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ።

የጸሎት ነገር እንደሚያሳስብዎት አውቃለሁ። ሥዕለ አድኅኖውና ጠበሉ ያሉት የእርስዎ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ክፍል ውሻው አይገባም፤ ድሮም አይገባም፣ ልጆቹም ያውቃሉ። በሩ ይዘጋል። ሳሎኑ ግን የጋራ ነው። ሶፋው ላይ ያንጠለጠሉትን ጋቢ ካገኘ ስሩ ገብቶ ይጠቀለላል፤ ጋቢ ነፍሱ ነው። ስለዚህ ጋቢዎን ከላይዎ ላይ አያውልቁ፣ ወይም ክፍልዎ ውስጥ ይስቀሉት።

ሌላው ዓይንዎ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማሸት የለም፣ አቧራ የለም፣ ፊትን የሚልስ ውሻም የለም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርስዎ ሳሎን ሲቀመጡ እሱን በገመድ እይዘዋለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያስፈራኝ መላሱ ሳይሆን እግርዎ ስር መግባቱ ነው። ቀጭን ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ኮሪደሩ ጠባብ ነው። አንገቱ ላይ ትንሽ ቃጭል አስሬለታለሁ። ቃጭሉን ሲሰሙ ቆም ይበሉ፤ እሱ አልፎ ይሄዳል።

ምግብ ላይ አደራ እልዎታለሁ። ጉርሻ አይስጡት! እጅዎን አውቃለሁ። ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ደሙን ይጎዳዋል። የዶሮ ወጥ አጥንትም ሲሰበር ይሰላል፣ አንጀት ይበሳል። ጃክ የበዓል ፍርፋሪ በልቶ ኖሯል ሊሉኝ ነው። ኖሯል። ስንት ጊዜ እንደታመመ ግን ማን ጠየቀው? ለሚሎ ሩዝና ሥጋ ያለ ቅመም እቀቅልለታለሁ፣ አንዳንዴ እንቁላል። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ አስቀድሜ ገዝቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። እኛ ሽሮ በልተን ለውሻ ሥጋ ስናወጣ ጎረቤት ምን እንደሚለን አይጠይቁኝ።

እብድ ውሻ የሚለው ፍርሃትዎ ደግሞ ትክክለኛ ፍርሃት ነው። በሽታው አገራችን ውስጥ አለ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። ሚሎ በየዓመቱ ይከተባል፣ ደብተሩን አሳይዎታለሁ። እኔ የምፈራው የመንገዱን ውሾች ነው። ማታ ከሜክሲኮ በኩል ስንመለስ ተሰብስበው ይጠብቁናል፤ ስለዚህ ሲመሽ ሩቅ አንወጣም። እዚያም ሆነ እዚህ ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቅጠል የሚያስሩትን ሰዎች አይስሙ።

የሚሎ ቆዳም ስስ ነው። ባለፈው ግንባታ ቦታ ከታጠረ ቆርቆሮ ጋር ተጋጭቶ ጎኑ ተቀደደ፣ ተሰፋም። ሐኪሙ ከማደንዘዙ በፊት ዝርያውን ነገርኩት፤ ስብ የሌላቸው ሯጭ ውሾች በአንዳንድ ማደንዘዣ ቶሎ አይነቁም። ሐኪሙ መጠኑን እየለካ በጥንቃቄ ሰጠው። ትንሿ ልጅ ሙሉ ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ዋለች።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ለማባበል አይደለም። ጠዋት ሁላችንም እንወጣለን። እስከ ማታ ቤቱ ባዶ ነው። እርስዎ ብቻዎን ሬዲዮ ከፍተው ሲቀመጡ ማሰብ አልወድም። ሚሎ ሰው ካለበት ክፍል አይርቅም። አይጠይቅም፣ አይጮኽም፣ ተኝቶ ይውላል። ለወሬ ግን ጥሩ ሰሚ ነው፤ ጆሮውን ያነሳልዎታል። የጉግሱን ታሪክ ደግሞ እንደ እኛ "ሰምተነዋል" አይልዎትም።

የሚመጡበትን ቀን ለእህቴ ይንገሯት። ባለቤቴ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ይቀበልዎታል። የሐኪም ወረቀቱን፣ የደም ግፊት መድኃኒትዎን እና በርኖስዎን ይያዙ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ካለም ይላኩልን፤ የመጀመሪያውን ማን እንደወሰደው አሁን ያውቃሉ።

ልጅዎ