ለአዝመራ፣ ስለ ጅብና ስለ እማማ

አዝመራዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ጠፋሁት ይቅር በይኝ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ስትደውይ እንደ ልብሽ ትወቅሽኛለሽ። ዛሬ እንድጽፍልሽ ያስነሣኝ ሌላ ነገር ነው።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስለ እንስሳት፣ ስለ ተረትና ስለ አጉል እምነት የተጻፉ መጻሕፍት ገዛሁ። የእስስቷ ጋ ስደርስ አንቺ ትዝ አልሽኝ፣ አጥሩ ላይ አይተሻት ነጠላሽን ጥለሽ የፈረጠጥሽው! መርዝ የሚባል የላትም። አሁንም እንደማታምኚኝ አውቃለሁ።

የያዘኝ ግን የጅቡ ነው። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የምንለው ለካ የኋላ እግሩ ከፊተኛው ስለሚያጥር ነው። አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናል መባሉም የሴቷ ብልት የወንዱን ስለሚመስል ነው፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው የጥንቱ የእንስሳት መጽሐፍ ፊሳልጎስ ሳይቀር እንዲያ ይላል። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምትገዛው እሷ ናት። ሐረሮች ደግሞ በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ያቀርቡለታል፤ በደንብ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው ይላሉ። እንዲህ ደስ እያለኝ ሳነብ «ቡዳ» የሚለው ላይ ደረስኩ።

ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ የተገደለች ጅብ ጆሮዋ ላይ ሎቲ ተገኘ... መጽሐፉ እንደ ጨዋታ አውርቶ አልፎታል። ይህ ስም በማን ላይ እንደ ተለጠፈ አንዲት መስመር የለም። እንደ እናንተ እንደ ቤተ እስራኤሎች ርስት የተነፈገ ሕዝብ በእጁ ሥራ ቢያድር ጅብ ተባለ፣ ይህን መጻፍ ምን ያስቸግራል? አዝመራ፣ ተናደድኩ።

እኔ የማውቀው እማማ ወለቃ መንገድ ዳር ተቀምጠው፣ ጭቃው ክንዳቸው ላይ ደርቆ፣ ጀበናውን በለስላሳ ጠጠር ሲወለውሉ ነው። ገዢዋ ትመጣለች፣ አንኳኩታ ትመርጣለች፣ በዋጋ ትከራከራለች። ያዘለችው ልጅ ሲነቃ ግን ፈጠን ብላ ፊቱን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጀበናው ይፈለጋል፣ የሠራው እጅ ይፈራል። እማማ ያን ጊዜ ቀና አይሉም፤ ጠጠሯን ብቻ ጠበቅ ያደርጓታል።

እና... ይህን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ ስጽፍ ስሰርዝ ነው ያመሸሁት። ቁስላቸውን መነካካት ከሆነ ተዪው፣ አልቀየምሽም። ካልከፋቸው ግን ነታኒያ ስትሄጂ አጠገባቸው ቁጭ በይና ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂልኝ። የቡዳውን ብቻ አይደለም፤ አፈሩን ከየት እንደሚያመጡት፣ በምን እንደሚያቃጥሉት፣ በ1983 ግንቦት ወደ እስራኤል ስትወጡ የተሠራውን ዕቃ ለማን እንደ ተዉት ሁሉ ይንገሩሽ። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ስማቸው ይጠቀስ አይጠቀስ ግን እኔም አንቺም አንወስንም፣ ራሳቸውን ጠይቂያቸው።

ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው አልማዝ፣ ከጎንደር