ተማሪዎቼን ተቀበይልኝ

አንቺ ልጅ፣ እንዴት ከረምሽ?

ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ፤ ቁጣሽን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ። መቼም "ጉዳይ ሲገጥምህ ነው ትዝ የምልህ" ማለትሽ አይቀርም። ናፍቀሽኛል፤ ጉዳይም አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

የተግባር ልምምዱን እንዳስተባብር ከተሰጠኝ ወዲህ ሐሳብ አላስተኛ ብሎኛል። የክሪሚኖሎጂ ተማሪዎቻችንን ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ማረሚያ ቤት እንመድባለን። ሲመለሱ የእርካታ መጠይቅ ይሞላሉ። ከ1 እስከ 5 ነው። አማካዩ ይወጣል፣ ሪፖርቱ ይገባል፣ አለቀ።

እኔ ግን ነጥቡን ከልጆቹ የልምምድ ማስታወሻ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ጀመርኩ። ማረሚያ ቤት የነበረች አንዲት ልጅ ለሁሉም ጥያቄ 2 ሰጥታለች። ማስታወሻዋን ብታዪው! ሊፈታ የተቃረበ እስረኛ በጣም የሚያስጨንቀው የሚያድርበት ማጣቱ መሆኑን ጽፋ፣ ከዚያ ተነስታ ስለ ወንጀል ደጋጋሚነት ክፍል ውስጥ ያስተማርናትን ትሞግታለች። የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ የተመደበው ልጅ ደግሞ ሁሉንም 5 ሰጠ። የጻፈው ስለ መሣሪያዎቹ ብቻ ነው። ማስረጃው ከቦታው ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ማን እንደፈረመ አንድ መስመር የለውም። አንድ ርክክብ ሳይፈረም ሲቀር ችሎት ላይ ምን እንደሚከተል ላንቺ አልነግርሽም። ነገሩ በመሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የፎረንሲክ ሳይንስ ፈር ቀዳጁ ፈረንሳዊ ሎካርድ በ1910 እ.ኤ.አ. ሊዮን ላይ ሥራውን የጀመረው እኮ በጣሪያ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው!

እርካታ ዋጋ የለውም እያልኩሽ አይደለም። ልምምዱን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ የከረመ ተማሪ ቢከፋው ሐቅ አለው። እሱም 2 ሰጥቷል። ያቺም ልጅ 2። አንዱ ምንም ስላላየ፣ ሌላዋ ብዙ ስላየች። ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም፤ ሁለቱም ቦታዎች "ዝቅተኛ" ተብለው ይመዘገባሉ። የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ማረሚያ ቤቱን ከምደባ እንሰርዘው የሚል ሐሳብ ሁሉ ተነስቷል።

በ2019 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የታተመውን ጥናት አንብበሽዋል? ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት ፈተና ላይ በለጡ፤ ሲጠየቁ ግን ጥሩ ሌክቸር ሲያዳምጡ የበለጠ የተማሩ ይመስላቸው ነበር። ፊዚክስ ነው ይሄ። የእስረኛ ታሪክ ሰምቶ የወጣ ልጅ "ረክተሃል?" ሲባል ምን ይመልስ?

እና ልለምንሽ። በሚቀጥለው ዙር ጥቂት ልጆች ተቀበይልኝ። ትልቅ ነገር አሳዪያቸው አልልሽም። የወንጀል ቦታ እንዴት እንደሚታጠር፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚታሸግ፣ ርክክብ እንዴት እንደሚፈረም በእጃቸው ይሞክሩት። ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ቁጭ ብለሽ አናግሪያቸው። ምን አያችሁ? ምን ከበዳችሁ? ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ነው ያጡት። አንቺ ደግሞ ሰው ማናገር ትችያለሽ፤ ዝም በይ ስትባዪ ነው የሚያቅትሽ።

ሌላም አለ... ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነበር። ያቺ 2 የሰጠችው ልጅ ትምህርቱን ልትተው ነው። "እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም" አለችኝ። ለዚህ ሥራ ከሷ የሚሻል ማን አለ? ይህንኑ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። አንቺን ግን ታምንሻለች። ያኔ ከዚያ ቤት ከወጣን በኋላ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሺያለሽ? ያንን ብቻ ንገሪያት። እንዴት እንደቆየሽም ንገሪያት። ለኔም በደንብ ነግረሽኝ አታውቂም፤ መጠየቁን ፈርቼው ነው የኖርኩት።

ምደባው ሳይዘጋ መልሽልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ማታ ማታ ይመቸኛል፤ ቢመሽም ደውይ።

ወንድምሽ