የሚጥሚጣው ዓመት፦ የሳይንስ ክበብ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ያቀደው ስለ ፀሐይ ኃይል ነበር። ዕቅዱ ግን ጥቅምትን አልዘለለም። አንዲት የ9ኛ ክፍል አባላችን ሚጥሚጣ በነካ ጣቷ ዓይኗን አሸች። ደጋግመን አጠብናት። ዕንባዋ ጋብ ሲል «ቲቸር፣ ሚጥሚጣው እኮ ቀዝቃዛ ነው። ታዲያ ለምን አቃጠለኝ?» አለች። የፀሐይ ኃይሉ በዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመም የሚሰሙ ነርቮቻችን ጫፍ ላይ ቲአርፒቪ1 የሚባል ፕሮቲን አለ። በር በሉት። ሙቀት 43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ በሩ ይከፈታል፤ ካልሲየምና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ነርቩም ወደ ህብለ ሰረሰር መልእክት ይልካል። ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ያንኑ በር ይከፍታል። አንጎል በሩን ማን እንደከፈተው አይጠይቅም፤ እሳት ነው ብሎ ያምናል። ሜንቶል ያለው ከረሜላ አፍ የሚያቀዘቅዘውም የቅዝቃዜውን በር እየከፈተ ነው። የሚጥሚጣውን በር በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ኅዳር ላይ ሦስት ሳህን ውሃ አዘጋጀን፤ ሙቅ፣ ለብ ያለና በረዶ የገባበት። በረዶውን ያገኘነው ጣና ዳር ካሉ ዓሣ ሻጮች ስለነበር ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ቆሮሶ ቆሮሶ ሲሸት ዋለ። ቴርሞሜትሩን ለመፈተሽ ውሃ ብናፈላ 94 ላይ ቆመ። ልጆቹ «ተበላሽቷል» ብለው ሊጥሉት ነበር! ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 100 ሳይደርስ እንደሚፈላ ያን ቀን ተማርን። ከዚያ አንድ እጅ ሙቁ ውስጥ፣ ሌላው በረዶው ውስጥ ቆየና ሁለቱም ለብ ወዳለው ገቡ። አንዱ እጅ «ቀዘቀዘ»፣ ሌላው «ሞቀ» አለ። ያው ውሃ! ቆዳ ለውጥን እንጂ ዲግሪን ብዙም አይቆጥርም። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሙከራ ይኼ ነበር።

ጥር ላይ ስለ እንቅፋት አወራን። እንቅፋት ሲመታን መጀመሪያ ስል ሕመም ይመጣል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የሚጠዘጥዘው። መንገዳቸው ይለያያል። የፊተኛው ፈጣን ነርቭ ነው፤ የኋለኛው በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ረጅሙ አባላችን የእሱ ሕመም ከሁላችንም ዘግይቶ እንደሚደርስ በኩራት ተናገረ። ትክክል ነው።

ሚጥሚጣን በወተት የማብረዱ ሙከራ ሁዳዴ ላይ ስለወደቀ እስከ ፋሲካ ማግስት ጠበቅን። ውሃ የጠጡት ሲያለከልኩ ወተት የያዙት ሳቁባቸው። ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሟም፤ የወተት ፕሮቲን ግን ይዞት ይሄዳል።

ሰኔ ላይ አንዱ ልጅ «የኛ ዶሮዎች የተሰጣ በርበሬ ይለቅማሉ፣ ምንም አይሉም» አለ። እውነቱን ነው፤ የአእዋፍ በር ለካፕሳይሲን አይከፈትም። ማብራሪያውን ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ነገራቸው። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ ስጡን እንዲጠብቅ በር ላይ አስቀመጡት።