አራት ጣት ያለው ጉሬዛ

ይድረስ ለወዳጄ፣

ሰላም ነህ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቤተሰቡም ደህና ነው። ልጽፍልህ አስቤ «ነገ፣ ነገ» እያልኩ ይኸው ከረምኩ። አንተም ጠፋህ፣ እኔም ጠፋሁ፤ እንግዲህ ተቻችለን እንለፈው። ቴሌግራም ላይ አልፎ አልፎ የምታስቀምጣትን አውራ ጣት ግን እንደ ሰላምታ ቆጥሬልሃለሁ።

«ካሜራህን ሸጥከው ወይ?» ብለህ ወንድሜን ጠይቀሃል አሉ። ምን ሸጬ! ይልቅ ብሶብኛል። እሁድ ሲሆን ጎህ ሳይቀድ ባጃጅ ይዤ እዚሁ ጅማ ወደ ቦዬ ረግረግ እወርዳለሁ። ጉማሬ ማንሳት ትዕግሥት ይፈልጋል። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ከጭንቅላቱ በላይ በኩል ስለሆኑ፣ ገላው በሙሉ ውሃ ውስጥ ተቀብሮ እነሱ ብቻ ብቅ ይላሉ። ከዚያ ይጠልቃል። ደቂቃዎች ይቆይና አንተ ካነጣጠርክበት ሳይሆን ከወዲያ ማዶ ይወጣል። ልክ ሲወጣ ጆሮውን ያርገፈግፋል፤ ውሃው ዙሪያውን ይረጫል። እኔ የምጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ካላደረግከው ጠብታው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ሲመሽ ግን አልገኝም። ጉማሬ ማታ ሳር ሊግጥ ስለሚወጣ፣ በሱና በውሃው መሃል የተገኘ ሰው ጉዱ ፈላ ማለት ነው።

ረግረጉ ላይ ባለ ወርቃማ ዘውዱ ወፍም ይመጣል። ጉንጩ ነጭና ቀይ የሆነው፣ ክንፉን ዘርግቶ እየዘለለ የሚጨፍረው፤ ታውቀዋለህ። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ተመዝግቧል። የሚራባው ደግሞ እንዲህ ያለ ረግረግ ላይ ነው። የኛ ረግረግ በአንድ በኩል ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል፣ በሌላ በኩል ባህር ዛፍ ይተከልበታል። ጡብ የሚሠራውም እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። የሚያናድደኝ ይሄ ነገር ዜና አለመሆኑ ነው። ዜና የሚሆነው በአንድ ቀን የሆነ ነገር ነው፤ ረግረግ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ስለዚህ አንድ ቦታ ቆሜ፣ በክረምትም በበጋም፣ ያንኑ አቅጣጫ አነሳለሁ። ቆንጆ ፎቶ አይደለም። ማንም ላይክ አያደርገውም። ግን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። በቦንጋ መንገድ በለጣ ጫካ ሄጄ ጉሬዛ አነሳሁ። ጉሬዛ የፎቶ አንሺ ፈተና ነው። ጥቁሩ በጣም ጥቁር፣ ነጩ በጣም ነጭ ነው፤ ለጥቁሩ ብርሃን ስትሰጥ ነጩ ይቃጠላል፣ ለነጩ ስትቆጥብ ፊቱ ጥላሸት ይሆናል። እኔ ነጩን አድናለሁ፤ ጥቁሩ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፣ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። እናትየዋ ቅርንጫፍ ጨብጣ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ ግልገሏ ተለጥፏል። ግልገሉ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ሲወለዱ እንደዚያ ናቸው። ወላሂ እስከዛሬ ካነሳሁት ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

ፎቶውን ሰፈር ቡና ላይ በስልኬ አሳየሁ። አንዱ ጎረቤቴ አጉልቶ አየና «ይሄማ ኤአይ ነው» አለኝ፤ ማሽን የሠራው ምስል ነው ማለቱ ነው። «በምን አወቅክ?» ስለው «ጣቷን ቁጠር፤ አራት ነው!» አይለኝ መሰለህ! ኤአይ ጣት መሥራት አይችልም የሚለውን ምክር የሆነ ቦታ አንብቧል። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፤ ቢኖረውም ጉጥ ያህል ናት። አራቱን ጣት እንደ ሜንጦ አጥፎ ነው ቅርንጫፉን የሚይዘው። እንዲያውም አምስት ጣት ቢኖራት ነበር መጠራጠር። ብነግረውም አላመነኝም። እናቱ አጠገባችን ሆነው «ልጄ፣ ጫካ ሄዶ ነው ያመጣው» ቢሉትም ወይ ፍንክች።

ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሐሰተኛ ፎቶ ሰው ያምናል ብለን ስንፈራ፣ እውነተኛውን የማያምንበት ጊዜ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 ማይልስ አስትሬይ የሚባል ፎቶ አንሺ የእውነት የፍላሚንጎ ፎቶ በአንድ የፎቶ ውድድር ለኤአይ ዘርፍ አስገብቶ ነበር። ወፏ አንገቷን ወደ ሆዷ አጥፋ ስለምታክ ጭንቅላት የሌላት ትመስላለች። ዳኞቹ ሸለሙት፤ እሱ እውነቱን ሲናገር ደግሞ ከውድድሩ አስወጡት። ተፈጥሮ ከማሽኑ በላይ እንግዳ ነገር ትሠራለች ማለቱ ነበር። የኔዋን ጉሬዛ ብልክለት ደስ ይለው ነበር።

ፎቶው በየትኛው ካሜራ እንደተነሳና ምን እንደተነካበት አብሮ የሚመዘግብ ቴክኖሎጂ አለ። ላይካ እ.ኤ.አ. በ2023 ካሜራው ውስጥ አስገብቶታል። የዋጋውን ነገር አታንሳው። እኔ ለጊዜው ሮው ፋይሌን፣ ካሜራው የመዘገበውን ያልተነካ ዋናውን ማለት ነው፣ አልደመስስም፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ያልተሳኩ ፎቶዎችም አስቀምጣለሁ። ጎረቤቴን በመጨረሻ ዝም ያሰኘው እሱ ነው፤ እናትየዋ ፊቷን ስታዞር፣ ቅጠል ሲጋርዳት፣ ግልገሉ ሲያዛጋ ተራ በተራ አሳየሁት። ቆንጆዋን አንድ ፎቶ ማንም ይሠራታል። የተበላሹትን ሠላሳ ማን ብሎ ይሠራል?

ቴክኖሎጂውን ጠልቼ እንዳይመስልህ። የእንስሳ ዓይን ፈልጎ የሚይዝ ካሜራ ተውሼ ሞክሬ፣ ልመልሰው ስል አንጀቴ ነው የተላወሰው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻና በድመት ጀመረው፤ አሁን ወፍም ይከተላል። የሚያናድደኝ ዜና ላይ ነው። አንተ ራስህ ባለፈው ያ የጎርፍ ፎቶ ላክህልኝ፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተነሳ አንድም መስመር የለውም። ከመላክህ በፊት በፎቶ ፍለጋ የሚያደርገው ጎግል ሌንስ ላይ ጣል አድርገው፤ ድሮ ሌላ አገር ወጥቶ ከነበረ ብዙ ጊዜ ያመጣልሃል። ስድብ እንዳይመስልህ፤ ለወንድሜም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ዝናቡ ቀለል ሲል፣ በጥቅምት ብቅ በል። ማደሪያ አታስብ። ቦዬም በለጣም አብረን እንሄዳለን፤ አንተ ዝም ማለት ከቻልክ። እና አንድ ውለታ፦ የጅማ እርጥበት ሌንሴን ሊያሻግተው ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣልብኝ፤ የጫማ ሱቅ ያለው ያጎትህ ልጅ ጋ በፌስታል አይጠፉም። ከሌንሱ ጋር እቃ ውስጥ እከድናቸዋለሁ።

ለእማማ ሰላም በልልኝ።

ያንተው፣
ከጅማ