«ከምግብ በኋላ» ማለት መቼ ማለት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስኳር በሽታ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ብዙ ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ነው፤ ይሁን እንጂ በመካከሉ በደማቅ ፊደል ተለይቶ የታተመው «ጤናማ የደም ስኳር መጠን ከ70 እስከ 100 ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነገሩን በግማሽ የተወው ስለመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ቁጥሩ (እዚህ እንደምጠቅሳቸው የደም ስኳር ቁጥሮች ሁሉ መስፈሪያው ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው) ስህተት አይደለም። ነገር ግን ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያህል ምንም ሳይቀምስ በባዶ ሆዱ ለተለካ ሰው የሚያገለግል መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ የትም አልተነገረም።

በዚህ ምክንያት ቤቴ ውስጥ የደረሰውን ልንገራችሁ። ታላቅ እኅቴ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ሰባት ዓመት ሆኗል። ጋዜጣውን ያነበበችው እሑድ ከምሳ በፊት ነበር፤ ምሳዋን በልታ አርባ ደቂቃ ያህል ሳይሞላት መለኪያዋን አውጥታ ጣቷን ወጋች፤ 168 አነበበች። ስኳር ላለበት ሰው፣ ያውም ምግቡ ገና ሳይረጋ፣ ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር አልነበረም። እርሷ ግን በጋዜጣው ልክ መዝና ተሸበረች፤ እራቷን ተወች፤ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የማታ የስኳር ኪኒኗን ግን እንደ ወትሮው ውጣ ተኛች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቀሰቀሰችኝ፤ ስንለካ 54 ሆኖ አገኘነው። ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣኋት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግመን ለክተን ከ70 በላይ መውጣቱን ስናይ ትንሽ እህል ቀመሰች። ይህ ኪኒን ምግብ ኖረም አልኖረም ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ ስለሆነ፣ ውጦ ጦም ማደር አደጋ አለው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር የኖርኩ ሰው ሆኜ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖረው እኅቴ ይህን አለማወቋ እኔንም ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ ወቀሳው ሁሉ የእናንተ ነው አልልም።

ከበላን በኋላ የደም ስኳር ከፍ ማለቱ በራሱ በሽታ አይደለም። በእንጀራው፣ በዳቦውና በድንቹ ውስጥ ያለው ስታርች አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆንና ወደ ደም ይገባል፤ ቆሽት በምላሹ ኢንሱሊን ይለቃል፤ ኢንሱሊኑም ጡንቻ ግሉኮሱን እንዲወስድ፣ ጉበትም ከራሱ ጎተራ ስኳር ማውጣቱን እንዲገታ ያደርጋል። በጤነኛ ሰው ዘንድ ስኳሩ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው መብላት ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ አካባቢ ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 በታች ወርዶ ይገኛል። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ግን ኢንሱሊኑ ዘግይቶና አንሶ ስለሚመጣ፣ የመጣውንም ሰውነቱ በወጉ ስለማይታዘዘው፣ ስኳሩ ይበልጥ ይወጣል፣ ለመውረድም ጊዜ ይወስዳል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ነፍሰ ጡር ላልሆኑ ለብዙዎቹ አዋቂ ሕሙማን ያስቀመጠው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት ግቡ ጠበቅ ይላል፤ በባዶ ሆድ ከ95፣ በአንድ ሰዓት ከ140፣ በሁለት ሰዓት ከ120 በታች ይሆናል። ለአረጋውያንና ስኳራቸው ድንገት ለሚወርድባቸው ሰዎች ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል።

እንግዲህ ሰዓቱ ከየት ይቆጠራል? ብዙ ሰው እጁን ታጥቦ ከማዕድ ከተነሣበት ይቆጥራል። የሚቆጠረው ግን ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ የጀመረ ሰው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይለካል። በእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ምሳ እንደተበላ ቡና ይፈላል፤ ቡናው ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴም ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ አቦል በስኳር ይጠጣል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው። በዚህ መሐል ሁለት ሰዓት ሲሞላ የሚለካው የምሳው ውጤት ሳይሆን የምሳውና የቡና ቁርሱ ድምር ነው። ቡናው ይቅር አላልኩም፤ የምሳውን ለማወቅ በሚለኩበት ዕለት ብቻ ሌላ ነገር ሳይቀምሱ ሁለቱን ሰዓት መቆየት ይበቃል። በበዓል ቀን ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ የጨጓራን ባዶ መሆን ስለሚያዘገይ፣ በሁለት ሰዓት ደህና የነበረው ቁጥር ከሦስት ሰዓት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

«እኔ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። መልካም ነው፤ ይሁንና ከማንኪያ ስኳሩ ይልቅ አብዛኛውን ግሉኮስ ይዞ የሚገባው እንጀራው ነው። ጤፍ ብረትና አሰር ያለው ክቡር እህል መሆኑ ባያከራክርም፣ ከዱቄቱ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። እኅቴን እንጀራ ተዪ ብላት አትሰማኝም፤ እኔም አልላትም። መጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን አስቀድማ፣ እንጀራውን ቀንሳ፣ ከምግብ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ በግቢው ውስጥ ስትመላለስ ግን በሁለት ሰዓት የምታገኘው ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀንስ በገዛ መለኪያዋ አይታዋለች።

የባዶ ሆዱን ብቻ የሚለካ ሰውም እንዲሁ ይታለላል። ጠዋት ጠዋት 115 እያየ የሚኖር፣ ከምሳና ከእራት በኋላ ግን 240 የሚደርስ ሰው በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ሰው የሦስት ወሩን አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየውን፣ «የሦስት ወር» የምንለውን ምርመራ ሲያደርግ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይመጣና ማሽኑን ይጠራጠራል። ለቀጠሮ ሲል ብቻ ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ የሚተወውም ሐኪሙን ያታለለ ይመስለዋል እንጂ የሚታለለው ራሱ ነው።

ስለ መለኪያውም ጥቂት ልበል። ከእንግሊዝና ከካናዳ ዘመድ የሚልካቸው መሣሪያዎች የሚያሳዩት ቁጥር በሌላ መስፈሪያ፣ በሚሊሞል በሊትር፣ ስለሆነ እኛ ከለመድነው የተለየ ነው፤ በ18 ሲባዛ ወደ እኛው ይመጣል። 9.3 አይቶ «ስኳሬ ከአሥር በታች ሆነ» ብሎ የተደሰተ ጎረቤት አለኝ፤ የእርሱ 9.3 እኅቴን ያስደነገጣት ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ስለሆንን ደግሞ ሙዝ ወይም ማር የነካ ጣት ሳይታጠብና ሳይደርቅ ከተወጋ፣ የሚለካው ከጣቱ ላይ ያለው ስኳር ጭምር ነው። ጥሩ የሚባለው የቤት መለኪያም ቢሆን ከላብራቶሪ ውጤት እስከ 15 በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ሊርቅ ስለሚችል፣ 172ንና 185ን እያነጻጸሩ መጨነቅ አይገባም። ደግሞም በሽታው አለ ወይም የለም የሚባለው በዚህ መሣሪያ አይደለም፤ ለዚያ ላብራቶሪ አለ፤ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ መመርመርም አንዱ መንገድ ነው፤ በዚህም 200 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ፣ ከ140 እስከ 199 ደግሞ ወደዚያው የሚያመራ ሁኔታ ይባላል።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው ዕትም ያንኑ ቁጥር በዚያው ደማቅ ፊደል ደግማችሁ አትሙት፤ አጠገቡ ግን «በባዶ ሆድ» የሚል ይጨመርበት፤ ከሥሩም የአንድና የሁለት ሰዓቱ፣ ለጤነኛውና ለታማሚው ተለይቶ፣ ይቀመጥ። «ከሐኪም ሳይማከሩ እራት ወይም መድኃኒት አይተዉ» የሚል አንድ መስመር ቢታከልበት ደግሞ ቦታ አይፈጅባችሁም። እኅቴ የፊተኛውን ቆርጣ በፍሪጅዋ በር ላይ ለጥፋዋለች፤ አዲሱ እስኪወጣ ድረስ «በባዶ ሆድ» የሚለውን በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣሁ የላብራቶሪ ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን